በዝግታ ቀናት ትንንሽ ደስታዎችን ማስተዋል

ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተዘጋጀ የመንፈስ ጤና ትምህርት

በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለ መድኃኒት ወይም ስለ ክትባት አይደለም። የምንነጋገረው ሰው በቤቱ ተወስኖ፣ ሥራውና ትምህርቱ ቆሞበት፣ ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ በሚጠባበቅበት ወቅት የመንፈሱን ጤና እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል ነው። ለዚህ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ በየቀኑ በአጠገባችን የሚያልፉትን ትንንሽ ደስታዎች ማስተዋል ነው።

ይህን ትምህርት አንብባችሁ ስትጨርሱ፦

1. በወረርሽኝ ወቅት የሚመጣው ዝግታ በሰው መንፈስ ላይ ምን እንደሚያደርስ ትረዳላችሁ፤
2. ትንሽ ደስታ ምን እንደ ሆነና ለጤና ምን እንደሚጠቅም ታውቃላችሁ፤
3. ከልጆቻችሁና ከአረጋውያን ወላጆቻችሁ ጋር የምትሠሩትን የአንድ ሳምንት ልምምድ ትማራላችሁ፤
4. ትንሽ ደስታ የማይበቃበትንና የባለሙያ እርዳታ መጠየቅ የሚገባበትን ጊዜ ትለያላችሁ።

የተለየ ማብራሪያ ከሌለ በቀር፣ በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ያ ወቅት ምን ይመስል ነበር?

የኮሮና በሽታ በ2019 መጨረሻ በቻይና ታየ። ማርች 11 ቀን 2020 የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ። በእስራኤል በዚያው ወር አጋማሽ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለመሳሰለው አስፈላጊ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ማንም ሰው ከቤቱ ከ100 ሜትር በላይ እንዳይርቅ ታዘዘ። «ሰገር» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ሕፃናት ሳይቀሩ ተማሩት።

አፕሪል 8 ቀን 2020 ምሽት የፋሲካ ራት የተበላው እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ተለይቶ ነው። ብዙ አያቶች ያለ ልጅ ልጆቻቸው ብቻቸውን ተቀመጡ። ሁለተኛው ሰገር ሴፕቴምበር 18 ቀን በሮሽ ሃሻና ዋዜማ ተጀመረ፤ ሦስተኛው ደግሞ በዲሴምበር መጨረሻ። ኖቬምበር 16 ቀን የዋለው የስግድ በዓል በኢየሩሳሌም የተከበረው ጥቂት ሰዎች ብቻ በተገኙበት ነበር፤ በሌላ ዓመት ተራራውን ይሞላ የነበረው ሕዝብ ግን ከቤቱ ሆኖ ተከታተለው። ዲሴምበር 3 ቀን 2020 ከኢትዮጵያ የመጡ 316 ሰዎች በቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ሲያርፉ፣ ለዓመታት ሲናፍቋቸው የነበሩትን ዘመዶቻቸውን እንደ ልብ አቅፈው መሳም አልቻሉም፤ በቅድሚያ ተለይተው መቆየት ነበረባቸው።

በሽታው በዓለም ሁሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል፤ በእስራኤልም ብዙ ቤት አፍርሷል። ስለ ደስታ ስንናገር ይህን አንዘነጋም። የዓለም የጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን ቢያስታውቅም፣ ከዚያ ወቅት የተገኘው ትምህርት አላበቃም። አዲስ ገቢ ቤተሰብ ወረርሽኝ ባይኖርም እንኳ ዝግታን ያውቃታል። በመርከዝ ክሊታ ወረቀት እስኪያልቅ ይጠበቃል፤ ኡልፓን እስኪጀመር ይጠበቃል፤ ቤት እስኪገኝ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ የቀሩት ዘመዶች እስኪመጡ ይጠበቃል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለትናንት ብቻ ሳይሆን ለዛሬም ነው።

ለ. ዝግታ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለችም

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለውን ያስተማሩን ወላጆቻችን ዝግታን እንደ ስንፍና አይቆጥሯትም ነበር። በገጠር ክረምት ሲገባ፣ ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲቆረጥ፣ ሰው በእሳት ዳር ተሰብስቦ ጨዋታና ተረት ይቀጥላል። ቡናም በጥድፊያ አይጠጣም፤ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ሰንበትም ስትመጣ ሥራ ይቆማል፣ እሳት ይጠፋል፣ የመጣ እንግዳ ይስተናገዳል። ትእዛዘ ሰንበት የሚባለው የቤተ እስራኤል የግእዝ መጽሐፍ ሰንበትን ሕያው እንደ ሆነች ክብርት አድርጎ ያቀርባታል። እንግዲህ መቆም የክብር ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ከማንም በፊት እናውቅ ነበር ማለት ነው።

ወረርሽኝም ቢሆን ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በ1918፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም.፣ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኢትዮጵያም ብዙ ሕዝብ ጨርሷል፤ ሰዉም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየተሰበሰበ በየደጁ የሚቃጠልበትና «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ ጊዜ መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። አያቶቻችን ያንን አልፈው ልጅ ወልደው አሳደጉ። ለልጆቻችን ይህን መንገር በራሱ የሚያጽናና ነገር ነው።

ይሁን እንጂ በፈቃድ የመጣች ዝግታና በግድ የመጣች ዝግታ አንድ አይደሉም። ሰንበት መቼ እንደምትገባና መቼ እንደምትወጣ ይታወቃል፤ ሰገር ግን መጨረሻው አይታወቅም ነበር። ሰውን የሚያደክመው መቀመጡ ብቻ ሳይሆን እስከ መቼ እንደሚቀመጥ አለማወቁ ነው።

ሐ. አእምሯችን ክፉውን አስቀድሞ የሚያየው ለምንድን ነው?

የሰው አእምሮ አደጋን ቶሎ እንዲያይ ሆኖ የተሠራ ነው። በጫካ መንገድ የሚሄድ ሰው አበባውን ቢያልፈው የሚጎዳው ነገር የለም፤ እባቡን ቢያልፈው ግን ይሞታል። ስለዚህ አእምሮ ክፉን ነገር በፍጥነት ይይዛል፣ ለረጅም ጊዜም ያስታውሳል፤ በጎው ግን ካልያዝነው ቶሎ ይሾልካል። በ2001 የታተመ የሥነ ልቦና ጥናት ብዙ ምርምሮችን መርምሮ፣ ክፉ ነገር በሰው ላይ ያለው ኃይል ከበጎ ነገር ኃይል በአብዛኛው እንደሚበልጥ አመልክቷል።

ይህ የአእምሮ ጠባይ በአደጋ ጊዜ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን አደጋው ለወራት ሲዘልቅ፣ ሰውም ከጧት እስከ ማታ የታማሚና የሟች ቁጥር ሲያዳምጥ፣ አካሉ ያለ ዕረፍት ዘብ እንደ ቆመ ወታደር ይሆናል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቁጣ ይቀርባል፣ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ ልብ ያለ ሥራ ይመታል።

በጎውን ሆን ብሎ መያዝ ለዚህ ይረዳል። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካላ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ የተማሪዎች ቡድን በየሳምንቱ የሚያመሰግንባቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ነገሮች፣ ሌላው ደግሞ ያስመረሩትን ነገሮች ለ10 ሳምንታት እንዲጽፍ አድርገዋል። የሚያመሰግኑበትን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜትና ስለሚመጣው ጊዜ የተሻለ ተስፋ ነበራቸው። በ2005 ደግሞ ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ፣ ሰዎች ለአንድ ሳምንት በየማታው ሦስት መልካም ነገሮችን ከነምክንያታቸው እንዲጽፉ ጠየቁ፤ ጥቅሙም እስከ ስድስት ወር ድረስ ታየ። ይህ ማለት ግን በሽታን ሁሉ ይፈውሳል ማለት አይደለም። መንፈስን በመጠኑ የሚያጠነክር፣ ገንዘብ የማያስወጣ ልማድ ነው ማለት ነው።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን በጎ ነገር በአፍ ላይ እንዳለ ጣፋጭ ሳይቸኩሉ የመያዝ ችሎታ ያጠኑታል። እኛ በቋንቋችን ለዚህ ጥሩ ቃል አለን፤ ማጣጣም እንለዋለን። ምግብ ሲጣጣም ዝም ብሎ አይዋጥም፤ በምላስ ላይ ይቆያል። ደስታም እንዲሁ ነው።

መ. ከራሴ ስሕተት የተማርሁት

በጎንደር መምህርት ነበርሁ። እዚህ ከመጣሁ ከዓመታት በኋላ እንደ ገና ተማሪ ሆኜ፣ በምኖርበት አካባቢ ባለ ኮሌጅ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ጀመርሁ። በ2020 ኮሌጁ ሲዘጋ ትምህርቱ በኮምፒዩተር፣ የተግባር ልምምዱም በስልክ ሆነ። ሥራዬ በአንድ መርከዝ ክሊታ ለሚኖሩ አረጋውያን እየደወልሁ ደህንነታቸውን መጠየቅ ነበር።

ከእነርሱ መካከል አንዲት እናት ነበሩ። በሰገሩ ወቅት ታላቅ እኅታቸው በጎንደር ማረፋቸውን በስልክ ተረዱ። ለቅሶ ተቀምጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ከሰው ተያይዞ የሚያለቅስበት ጊዜ አልነበረም። ብቻቸውን በአንዲት ክፍል ውስጥ ቀሩ። እኔም ያን ሰሞን ስለ በጎ ሐሳብ ጥቅም የተማርሁትን ይዤ፣ «እማማ፣ ክፉውን ይተዉት፣ በጎ በጎውን ይመልከቱ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፣ «ልጄ፣ እኅቴን ገና አላለቀስኋትም። ምን አይተሽ ነው ሳቂ የምትዪኝ?» አሉኝ። «ደህና ዋይ» ብለውም ስልኩን ዘጉት።

በጣም አፈርሁ። ለአስተማሪዬ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «ከመናገርሽ በፊት ስንት ደቂቃ አዳመጥሻቸው?» መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ «ስለ እኅትዎ ይንገሩኝ» አልኋቸውም። ለአንድ ሰዓት ያህል ነገሩኝ። እኅታቸው ሸክላ ሠሪ እንደ ነበሩ፣ የሠሩት ጀበና አፉ እንደማያንጠባጥብ፣ ልጅ ሳሉ ከወንዝ ጭቃ ሲያመጡ መንገድ ላይ እየተሳሳቁ እንደሚወድቁ ነገሩኝ፤ አለቀሱም፤ እኔም አብሬ አለቀስሁ። «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባል የለ? ከዚያም ዘመዶቻቸውን ከየከተማው አነጋግረን፣ ለሰባት ቀናት በየተራ እየደወሉ እንዲያስተዛዝኗቸው አደረግን። የስልክ ለቅሶ ነበር፤ ግን ለቅሶ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ስደውል፣ እኔ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ «ያ በቆርቆሮ የተከልሁት ጤና አዳም አቆጠቆጠ እኮ» አሉኝ። የወይራ ፍሬ በነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ተክለው በመስኮቱ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። «ሽታው እንዴት ነው?» ብላቸው፣ «የእናቴን ደጅ ይሸታል» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ኀዘናቸው አልሄደም፤ ግን ከኀዘናቸው አጠገብ ሌላ ነገር ቦታ አገኘ። ሰገሩ ሲነሣ ከዚያ ተክል እየቀነጠሱ ለጎረቤቶቻቸው ሰጡ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ደስታ የኀዘንን ቦታ ልትነጥቅ አይገባም፤ አስቀድሞ ኀዘን ይሰማ፣ ይለቀስ። ሁለተኛ፣ ትንሽ ደስታ በሰው ላይ አትጫንም፤ ሰው ራሱ ሲያገኛት ግን ልንጠይቀውና አብረነው ልናጣጥማት እንችላለን።

ሠ. ትንሽ ደስታ ምንድን ናት? የትስ ትገኛለች?

ትንሽ ደስታ ማለት ገንዘብ የማትጠይቅ፣ ፈቃድ የማትፈልግ፣ በአምስቱ ሕዋሳት የምትታወቅ፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ የማትቆይ መልካም ነገር ናት። ትንሽ ስለ ሆነች ትናቃለች፤ ብዙ ስለ ሆነች ግን ቀን ትሞላለች።

በመስኮት በኩል። በ2020 የጸደይ ወራት መንገዱ ጸጥ ሲል ብዙ ሰው የወፍ ድምፅ መስማት ጀመረ። በቴል አቪቭ በያርኮን ፓርክ ቀበሮዎች በጠራራ ፀሐይ ሲዘዋወሩ ታዩ። እስራኤል በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ወፎች መተላለፊያ ናት። በዕብራይስጥ «ሐሲዳ» የሚባሉት ነጫጭ ትላልቅ ወፎች ክረምትን በአፍሪካ አሳልፈው በማርችና በአፕሪል በሰማያችን ላይ ወደ ሰሜን ያልፋሉ። ሰው ከ100 ሜትር በላይ በማይራመድበት ወቅት እነርሱ ከአፍሪካ ተነሥተው ሲያልፉ ማየት ልብን የሚያሰፋ ነገር ነበር። ለልጆቻችሁ፣ «እነዚህ ወፎች በእኛ አገር በኩል መጥተው ይሆናል» ብላችሁ ልታሳዩአቸው ትችላላችሁ።

በማድ ቤት። የሽሮ መንተክተክ፣ የእንጀራ ዐይን ሲወጣ ማየት፣ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ በየቀኑ አሉ። በሰገር ጊዜ ብዙ ወንዶች ልጆች እንጀራ መጋገር ከእናቶቻቸው ተማሩ፤ የመጀመሪያው ተቀዶ፣ ሁለተኛው አሮ፣ ሦስተኛው ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ያጨበጨበበት ቤት አውቃለሁ።

በደጃፍ። እናቴ የምትኖረው እኔ በምኖርበት ሕንፃ ከታች ባለው ፎቅ ነው። ዕድሜዋ ስለ ገፋ በሽታውን እንዳላሻግርባት ወደ ቤቷ አልገባም ነበር። ስለዚህ እርሷ በራፏ ላይ በወንበር፣ እኔ ከሁለት ሜትር በላይ ርቄ በደረጃው ላይ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን በየጀበናችን ያፈላነውን ቡና በአንድ ሰዓት እንጠጣ ነበር። አንድ ቀን የቡናው ቁሌት ሽታ ያወጣቸው ሩሲያዊ ሽማግሌ ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው ቆሙ። ቋንቋ አልተገናኘንም፤ ስኒ አንሥቼ አሳየኋቸው። በማግሥቱ የራሳቸውን ሻይ ይዘው በበራቸው ላይ ተቀመጡ። አንድም ቃል ሳንነጋገር ለሳምንታት አብረን ጠጣን። ሰገሩ ካለፈ በኋላ ሁላችንም ወደ ሩጫችን ተመለስን፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ፣ «ያ ደረጃ ይናፍቀኛል» ትላለች።

በስልክ። ሰላምታችን ረጅም ነው፤ እንዴት ነህ፣ ልጆቹስ፣ ጤናችሁስ እያልን እንቀጥላለን። በጥድፊያ ጊዜ ያሳጠርነውን ሰላምታ በዝግታ ቀናት መልሰን ብናስረዝመው መልካም ነው።

ረ. የአንድ ሳምንት ልምምድ

ይህን ልምምድ ቤተሰቡ በሙሉ በቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል ይሥራው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አረጋውያን በቃል ይናገሩ፤ ሕፃናት በሥዕል ያሳዩ።

እሑድ፦ ጆሮ። ስልክና ቴሌቪዥን ይዘጋ። ሁሉም ዐይኑን ጨፍኖ ለሁለት ደቂቃ ያዳምጥ። ከዚያ እያንዳንዱ የሰማውን አንድ ደስ የሚል ድምፅ ይናገር።

ሰኞ፦ አፍንጫ። በቤት ውስጥ ካሉት ቅመሞች ሦስቱን አውጡ፤ ልጆች ሳያዩ በሽታ ብቻ ይለዩ። አያት እያንዳንዱ ሽታ የሚያስታውሳቸውን ያውሩ።

ማክሰኞ፦ እጅ። ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ ማጠፍ፣ ጥጥ መፍተል፣ ስፌት መስፋት፣ ሸክላ መዳመጥ፣ ያላችሁን ሥራ ሳትቸኩሉ ሥሩ። እጃችሁ የሚሰማውን አስተውሉ።

ረቡዕ፦ ዐይን። በመስኮት ወይም በበረንዳ ቁሙ። ትናንት ያልነበረ አንድ ነገር ፈልጉ፤ ቡቃያ፣ ወፍ፣ አዲስ ደመና፣ በጎረቤት ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ፦ ሰው። ለረጅም ጊዜ ላልደወላችሁለት አንድ ሰው ደውሉ። የምትለምኑት ነገር ሳይኖር፣ ስለ ደህንነቱ ብቻ ጠይቁ።

ዓርብ፦ ምላስ። ለሰንበት ካዘጋጃችሁት ምግብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዝም ብላችሁ አጣጥሙ። ያዘጋጀውን ሰው በስሙ አመስግኑ።

ቅዳሜ፦ መተረክ። በሳምንቱ ካገኛችሁት ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነገሮችን መርጦ ይናገር። «ለምን ደስ አለህ?» «ለምን ደስ አለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ ሲነገር ደስታው ሁለተኛ ይቀመሳል።

ለወላጆች ማሳሰቢያ፦ ልጅ፣ «ዛሬ ምንም ደስ ያለኝ ነገር የለም» ቢል አትቆጡት፣ አታስገድዱትም። «ዛሬ ከባድ ቀን ነበር ማለት ነው፤ ንገረኝ» በሉት። እውነቱን መናገሩ ራሱ የልምምዱ አካል ነው።

ዜናን በተመለከተም ልክ አብጁለት። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከታመነ ምንጭ መስማት ይበቃል። ከመኝታ በፊትና በሕፃናት ፊት ዜናው ቢዘጋ ይመረጣል።

ሰ. ትንሽ ደስታ የማይበቃበት ጊዜ

አንዳንድ ጊዜ የሰው መንፈስ ይታመማል። ይህ እርግማን፣ ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ እንደ ማንኛውም በሽታ ሕክምና ያለው በሽታ ነው። ከሚከተሉት ምልክቶች ብዙዎቹ ለሁለት ሳምንት ያህል ቀኑን ሙሉ በሚባል ሁኔታ ከቆዩ ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁ ሂዱ፦

– ኀዘን ወይም ባዶነት የማይለቅ ሲሆን፤
– ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ሲያጣ፤
– እንቅልፍ ሲጠፋ ወይም ከመጠን በላይ ሲበዛ፤
– የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ፣ ኪሎ ሲቀንስ፤
– ድካም ሲበረታ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ሲል፤
– ራስን መውቀስ፣ ተስፋ መቁረጥ ሲበዛ።

ሰው ሞትን ቢመኝ ወይም ራሱን ለመጉዳት ቢያስብ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን እርዳታ ይጠየቅ። ብቻውንም አትተዉት። ለአስቸኳይ አደጋ የማጌን ዳቪድ አዶም ስልክ 101 ነው። «ኤራን» የሚባለው የመንፈስ የመጀመሪያ እርዳታ ስልክ ደግሞ 1201 ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ ጭንቀትን በሆድና በልብ እንናገራለን፤ «ሆዴ ባር ባር ይለኛል»፣ «ሆዴ ተላወሰ»፣ «ልቤን ከበደኝ» እንላለን። ይህ ቃል በቃል ወደ ዕብራይስጥ ሲተረጎም ሐኪሙ የጨጓራ ወይም የልብ ሕመም ሊመስለው፣ ምርመራውም በዚያ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፣ ከእንቅልፍና ከኀዘን ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ በቅርቡ ሰው የሞተባችሁ ወይም የቀረባችሁ መሆኑን ጨምራችሁ ተናገሩ። አስተርጓሚም ጠይቁ። ልጃችሁን እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ የወላጅን ጭንቀት በአፉ መሸከም ለሕፃን ከባድ ሸክም ነው፤ ወላጅም በልጁ ፊት እውነቱን ይደብቃል።

ሸ. ማጠቃለያ

ውድ ቤተሰቦች፣ ትንሽ ደስታን ማስተዋል የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ የቀሩ ዘመዶችን አያመጣም፤ የሞተውንም አያስነሣም። መብታችሁን ከመጠየቅ፣ የሚጎድላችሁን ከመናገር ሊያግዳችሁም አይገባም። ሥራው ሌላ ነው። የምንጠባበቀው እስኪመጣ ድረስ የምንኖርባቸው ቀናት ባዶ እንዳይሆኑ ይጠብቃል። መጠበቅም ዕድሜ ነውና።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ልማዱ በአንድ ቀን አይመጣም። ዛሬ ማታ አንዲት ነገር ብቻ በማስተዋል ጀምሩ፤ ለአንድ ሰውም ንገሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በኮሮና ወቅት የት ነበራችሁ? ከዚያ ጊዜ ብትመልሱት የምትወዱት አንድ ነገር ምንድን ነው?
2. በአገር ቤት ሳላችሁ በክረምት ወይም በሰንበት ዝግታ ምን ያስደስታችሁ ነበር? ከዚያ ውስጥ እዚህ ሊደረግ የሚችለው የትኛው ነው?
3. በትምህርቱ ላይ ያሉት እናት «ምን አይተሽ ነው ሳቂ የምትዪኝ?» ያሉት ለምን ይመስላችኋል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?
4. በቤታችሁ ጭንቀት የሚነገረው በየትኞቹ ቃላት ነው? እነዚህን ለሐኪም እንዴት ታስረዳላችሁ?
5. በሕንፃችሁ ወይም በመርከዝ ክሊታችሁ ብቻቸውን የሚውሉ አረጋዊ አሉ? በዚህ ሳምንት ማን፣ በየትኛው ቀን ይጠይቃቸዋል?